ሞተር ይውረድ ከመባላችሁ በፊት፦ የቤንዚን መኪና ጭስ እንዴት ይነበባል

ባለፈው ክረምት ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ባስነሳሁ ቁጥር ግቢያችን በሰማያዊ ጭስ ይታፈን ነበር። ጎረቤታችን እማማ ከበራቸው ብቅ ይሉና «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ልታጥነን ነው?» ይሉኛል። ከማፈሬ ብዛት መኪናውን ገፍቼ ከግቢ አውጥቼ መንገድ ላይ ማስነሳት ጀምሬ ነበር።

ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ነዳጅ ረገጥ ረገጥ አደረገ፣ ዞሮ ከኋላ አየ፣ ፈረደ። «ፋሻው አልቋል። ሞተር ይውረድ።» ፋሻ ማለት ፒስተኑን ዙሪያውን የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው፤ እሱን ለመቀየር ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ ይፈታል። መኪና ያለው ሰው «ሞተር ይውረድ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ሆድ ትቆርጣለች። የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ መኪናውን ሸጬ ታክሲ ብሰለፍ ይሻለኛል ብዬ ነበር።

ቀብድ ልሰጥ ስል የአጎቴ ልጅ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ይየው» ብሎ ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ሽማግሌ ጋ ወሰደኝ። ጋሼ ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱኝም።

«መቼ መቼ ነው የሚያጨሰው ልጄ?»

«ጠዋት ሳስነሳው ነው ጋሼ። ከዚያ ይተወዋል።»

«ዳገት ላይስ?»

«አላየሁም።»

«ቁልቁለት ወርደህ ነዳጅ ስትሰጠውስ?»

እሱን ልብ ብዬ አላውቅም። «በል እንጦጦ ውጣና በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ሳትነካ ውረድ። ሽሮ ሜዳ ስትደርስ ረገጥ አድርገው። አንተ ወደፊት እይ፣ ወንድምህ ወደኋላ ይይ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ዳገቱን ስንወጣ ምንም የለም። ታች ደርሰን ነዳጅ ስሰጠው ግን አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ወጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ፋሻ አልነበረም። የቫልቭ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት በቫልቩ እግር ወደ ማቃጠያው እንዳይወርድ የሚከለክለው ትንሽ ጎማ ነበር። ሞተር ሳይወርድ፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) እንኳ ሳይከፈት ተቀየረ። ጋሼ በካንዴላው (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) ቀዳዳ ገመድ አስገቡ፣ ፒስተኑን ወደ ላይ አወጡት፣ ገመዱ ቫልቮቹን ከስር ደግፎ ሲይዛቸው ሞላዎቹን እያወጡ ጎሚኒዎቹን አንድ በአንድ ቀየሯቸው። ማታ መኪናዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ያጨሳል ብሎ የሚደውልልኝን ሰው ቀለሙን ከመጠየቄ በፊት «መቼ?» ነው የምለው። ቀለሙ ምን እየተቃጠለ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ውሃ፣ ዘይት ወይ የተረፈ ቤንዚን። መቼ እንደሚያጨስ ደግሞ በየት በኩል እንደገባ ይነግራችኋል። የሺህ ብርና የመቶ ሺህ ብር ልዩነት ያለው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ በደንብ እዩት

አብዛኞቻችን የራሳችንን መኪና ጭስ የምናየው በመስታወት ነው፣ ያውም ከኋላ ያለው ሹፌር ጥሩምባ ሲነፋብን። እሱ አይበቃም። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ይሁን። ሌላ ሰው ያስነሳላችሁ፣ እናንተ ከኋላ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብላችሁ በጎን በኩል ቁሙ። በስልካችሁ ቅረጹት። መካኒኩ ጋ ስትደርሱ ሞተሩ ሞቆ ጭሱ ስለሚጠፋ ቪዲዮው ብዙ ክርክር ያስቀርላችኋል። ይህን ሁሉ ደግሞ አየር ባለበት ቦታ አድርጉት። በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ መቆም ገዳይ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም።

አሁን ሶፍት አውጡ። መኪናው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ሶፍቱን ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጫፍ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያዙት። ማርሚታውን አትንኩት፣ ያቃጥላል። ሶፍቱ ረጥቦ ንጹህ ከሆነ ውሃ ነው። ደረቅ ጥቁር ነጠብጣብ ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። ቡናማ ሆኖ ቅባቱ ወረቀቱ ላይ ቀለበት እየሠራ ከሰፋ፣ ልክ የሳምቡሳ ወረቀት እንደሚሆነው፣ ዘይት ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ጣታችሁን ማርሚታው ውስጥ አስገብታችሁ ጠረግ አድርጉ። እንደ ድስት ጥላሸት ደርቆ የሚራገፍ ከሆነ ነዳጅ ነው፤ እንደ ግራሶ የሚጣበቅ ከሆነ ዘይት።

ቀጥሎ ንዱት። ጠፍጣፋ መንገድ፣ ዳገት፣ ረጅም ቁልቁለት፣ ከዚያ ትራፊክ መብራት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ መነሳት። ሌላ መኪና ከኋላ ቢከተላችሁ ይመረጣል። የትኛው ላይ እንዳጨሰ ጻፉት። ቀልድ አይደለም፣ ጻፉት። ሰው «ሁልጊዜ ያጨሳል» ይላል፣ ስትጠይቁት ግን ሁልጊዜ አይደለም።

ነጭ

ነጭ ጭስ ብዙ ሰው በከንቱ ያስደነግጣል። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ማርሚታው ከሞቀ ያ ውሃ በማይታይ እንፋሎት በኖ ይሄዳል። ጠዋት ማርሚታው ሲቀዘቅዝ ግን እንደ አፋችን ትንፋሽ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ጫፉ ላይም ጠብ ጠብ ይላል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የማያጨስ መኪና የለም። ከላቫጆ የወጣ መኪናም እንደዚሁ ነው። ወጥቶ አንድ ሁለት ሜትር ሳይርቅ የሚጠፋና ከ10 ደቂቃ ጉዞ በኋላ የሚያቆም ነጭ ጭስ ጤነኛ ነው። ተዉት።

የሚያሳስበው ሞተሩ በደንብ ሞቆም የማይተወው፣ ወፍራም ሆኖ መንገዱ ላይ እንደ ደመና የሚንሳፈፈው ነው። እሱ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር ገብቶ እየተቀቀለ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የቴስታታ ጋስኬት (ቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ አልያም ቴስታታው ተሰንጥቋል ወይ ጎብጧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቦታ «ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ውሃ ነው» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እውነት ነው፣ ግን ጣፋጭ የሚሸተው ኩላንቱ (ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ባለ ቀለም ፈሳሽ) ነው። እኛ አገር ስንቱ ሰው ነው ቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላው? እንደዚያ ከሆነ ምንም አይሸታችሁም፤ አልሸተተኝም ብላችሁ አትጽናኑ። ኩላንት ከሆነም በምላስ ቀምሶ ማረጋገጥ የሚባል ነገር የለም፣ መርዝ ነው።

ስለዚህ በሌላ መንገድ አረጋግጡ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት፣ ማለትም ጠዋት፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ጎድሎ ከሆነ ሙሉት። ክዳኑን ሳትገጥሙ አስነሱና ውስጡን እዩ። መጀመሪያ ላይ የታመቀ አየር ጥቂት አረፋ ቢያወጣ ምንም አይደለም። ደቂቃዎች አልፈውም ሻይ እንደፈላ ያለማቋረጥ አረፋ የሚተፋ ከሆነ ግን የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ሌላም አለ። ክዳኑ እንደተገጠመ ቀዝቃዛ ሞተር አስነስታችሁ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨበጥ አድርጉት። ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ካገኛችሁት ያው ነው።

ከዚያ የዘይቱን መሙያ ክዳን ከፍታችሁ እዩ፣ መለኪያ ዘንጉንም ምዘዙ። ዘይቱ ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። መኪናውን አታስነሱት፣ አንድ መቶ ሜትርም ቢሆን። በጎታች ይሂድ። ማኪያቶ የሆነ ዘይት ኩሽኔታዎቹን (የሞተሩን ዘንግ የሚሸከሙትን) ሲበላ ያኔ እውነትም ሞተር ይወርዳል። ነገር ግን ክዳኑ ስር ብቻ ስስ ቢጫ አረፋ አይታችሁ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹህ ከሆነ አትደንግጡ፤ በክረምት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና ክዳኑ ስር እርጥበት ይሰበስባል።

ካንዴላዎቹን አስፈቱና ጎን ለጎን ደርድሯቸው። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ታጥቦ እንደወጣ ነጭ ካለ ውሃ የሚገባው እዚያ ሲሊንደር ነው። የተሻለ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ አሳልፎ ይፈትሻል። ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ክርክር የለም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ብዙ መኪኖች ላይ ፋኑ የሚነሳው ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ታዲያ ውሃው ለምን ፋኑ ሳይነሳ አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ጎማው አርጅቶ ግፊት መያዝ ካቆመ እዚህ ከተማ ያለ ሞተር ባሕር ዳርቻ ካለው ቀድሞ ይፈላል። ደጋግሞ የፈላ ሞተር ደግሞ ቴስታታው ይጎብጣል፣ ጋስኬቱ ይሄዳል፣ ነጩ ጭስ ይመጣል። ይህ ሁሉ ጣጣ ከአንድ ክዳን ሊጀምር ይችላል። ጋስኬት ባስቀየራችሁ ቁጥር ክዳኑንም ቀይሩ። ቴስታታውንም በማስተካከያ ማሽን ሳያስለካ ጋስኬት ብቻ ቀይሮ የሚገጥም መካኒክ ካጋጠማችሁ በሦስት ወር ውስጥ ትመለሳላችሁ።

መንገድ ላይ ከፈላባችሁ ዳር ያዙ፣ አጥፉ፣ ጠብቁ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ግማሽ ሰዓት ማንንም አይጎዳም።

አልፎ አልፎ ደግሞ ውሃው ሳይጎድል ነጭ የሚያጨስ መኪና ይገጥማል። የፍሬን ዘይቱን እዩ። የፍሬን ማስተሩ ወደ ኋላ ካፈሰሰ ሰርቮው (የፍሬን ማገዣው) ዘይቱን ወደ ሞተር ይስበዋል። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ግን የፍሬን ነገር ስለሆነ ሳያዩ ማለፍ አይገባም።

ሰማያዊ

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት ነው። ሽታው እንደተቃጠለ ዘይት ይከረፋል፣ አይን ይለበልባል። ፀሐይ ላይ ካላያችሁት ከነጩ ጋር ያምታታል፤ ጥላ ስር ግራጫ ይመስላል። ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚበላው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ እያልን እንሂድ።

ከርካሹ ጀምሩ። ዘይት በቅርቡ አስቀይራችሁ ነበር? ዘንጉን መዝዛችሁ እዩ። ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ ትርፉን አስቀዱት፣ ጭሱም አብሮ ሊቀር ይችላል። ዘይት ቀያሪዎች ጋሎኑን እንዳለ የመገልበጥ አመል አለባቸው። የሞተሩ ልክ 3 ሊትር ተኩል ሆኖ 4 ሊትር ከተሞላ ትርፉ መውጫ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ፒሲቪ የሚሉት ትንሽ የሞተር መተንፈሻ ቫልቭ አለ። ዋጋው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። አውጥታችሁ ነቅነቅ ስታደርጉት ቸክ ቸክ ማለት አለበት። ካላለ፣ ወይም በሁለቱም በኩል ሲነፉበት የሚያሳልፍ ከሆነ ተበላሽቷል። ዘግቶ ሲቀር ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን በየቦታው ይተፋል፤ ከፍቶ ሲቀር ሞተሩ ዘይቱን በቀጥታ ይስበዋል። ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደው ቱቦ ውስጡ በዘይት የራሰ ከሆነ ጥርጣሬያችሁ እዚህ ይሁን። ስንቱ ሞተር በዚህች ቫልቭ ምክንያት ሳይገባው እንደወረደ እግዚአብሔር ይወቅ።

እነዚህ ሁለቱ ደህና ከሆኑ ጥያቄው የቫልቭ ጎሚኒ ነው ወይስ ፋሻ የሚል ነው። የጋሼ ጥያቄ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ጎሚኒ ሲደርቅ መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ በቫልቮቹ እግር ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ ጠዋት ሲነሳ ያ የተጠራቀመው ተቃጥሎ አንድ ጊዜ ቡፍ ይልና ይጠፋል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቃችሁ በማርሽ ስትወርዱም የሞተሩ የመሳብ ኃይል በጣም ይጨምራልና ዘይቱን በላላው ጎሚኒ በኩል ይጠጣዋል፤ ታች ደርሳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ይወጣል። አባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን የወረደ ሰው ድልድዩ ጋ ደርሶ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ከኋላው የሚያየው ጉድ ይኸው ነው። ትራፊክ መብራት ላይ ቆይቶ ሲነሳ የሚያጨስም በአብዛኛው ጎሚኒ ነው።

ፋሻ ሲያልቅ ሌላ ነው። ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት ያጨሳል። ዳገት ላይ፣ ሰው ሞልታችሁ፣ ነዳጅ ረግጣችሁ ስትቀድሙ። ጭሱ ቡፍ ብሎ አይጠፋም፣ እስከረገጣችሁ ድረስ ይከተላችኋል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ላላ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ክዳኑ የሚዘል ከሆነ፣ በቀዳዳውም እንደ ጀበና ጭስ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ፣ ጋዙ በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው። ጉልበትም ቀንሷል፣ ዘይትም ይጎድላል።

ስንት ይጎድላል የሚለውን በግምት አትናገሩ። ጠዋት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉት፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ስትሞሉ መልሳችሁ ልኩ። አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ መብላቱን እንደ ችግር አይቆጥሩትም፣ ለእኔ ኪስ ግን ግማሽ ሊትርም ብዙ ነው። ዘይት በመብላት ስማቸው የተነሣ ሞተሮችም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 አካባቢ የተሠሩት 2.4 ሊትር ካምሪና ራቭ ፎር ላይ ችግሩ ከፋሻና ከፒስተን ስለነበር፣ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ዋስትናውን አራዝሞ ይቀይርላቸው ነበር። ያ ሞተር ያላችሁ ሰዎች ጭሱ ሳይታይም ዘንጉን በየሳምንቱ እዩ።

የመጨረሻው ፍርድ የኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር ምን ያህል አምቆ እንደሚይዝ መለካት ነው። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፣ ነዳጁ ይቋረጣል፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ በየሲሊንደሩ ይለካል። እዚህም የአዲስ አበባ ከፍታ ይገባበታል፣ አደራ ልብ በሉት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ወደ ሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የተጻፈለት ጤነኛ ሞተር እዚህ 140 ቢያነብ የሚጠበቅ ነው። ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አስተያይቶ «ሞቷል» የሚላችሁን አትስሙት። እርስ በርሳቸው አስተያዩአቸው። 138፣ 140፣ 136፣ 139 ከሆነ እሰየው። 138፣ 140፣ 90፣ 139 ከሆነ ሦስተኛው ታሟል። ያኔ በዚያ ሲሊንደር ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና እንደገና አስለኩ። ቁጥሩ ከዘለለ ፋሻ ነው፣ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖለታል። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይ ጋስኬት ነው።

ፋሻ ነው ተብሎም ወዲያው ለመፍታት አትቸኩሉ። ዘይት በሰዓቱ ባለመቀየሩ ፋሻው በካርቦን ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ደህና ዘይት ገዝታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩና ፍጆታውን ለኩ። አንዳንዱ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ አይሻለውም፣ ግን ሞተር ከማውረድ ጋር ሲነጻጸር ሙከራው ርካሽ ነው። ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱን መደበቅ ግን ሕክምና አይደለም፣ ቀን መግፋት ነው። ቱርቦ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ከፋሻ በፊት ቱርቦውን አስፈትሹ።

ጥቁር

ጥቁር ጭስ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ቤንዚኑ ካየሩ በዝቷል፣ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ሞተሩን በአንድ ቀን አይገድለውም፣ ኪሳችሁን ግን ይገድለዋል። ማደያ ተሰልፋችሁ የቀዳችሁት ቤንዚን ነው በማርሚታ እየወጣ ያለው።

የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። ኮረኮንች ሰፈር የሚነዳ መኪና መጽሐፉ ከሚለው ቀድሞ ይደፈንበታል። ከዚያ ስካን አስደርጉ። ኦክሲጂን ሴንሰር፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ የተለመዱ ጥፋተኞች ናቸው። የግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ቀጭን የአየር ቱቦ ካለች ንቀሏት፤ ውስጧ ቤንዚን ካለ መቆጣጠሪያው ውስጡ ተቀዷል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። መኪና ሞቀ ተብሎ ጋራዥ ሲገባ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ይሏችኋል። ያስፈልጋል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደንብ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም ገና ጠዋት እንደተነሳ ቆጥሮ ቤንዚን ይጨምርለታል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ ኪስ የሚያራቁት የነዳጅ ፍጆታ። ስካነሩ ላይ የውሃውን ሙቀት እዩ። ግማሽ ሰዓት ነድታችሁም 60 እና 65 ዲግሪ ላይ ከቀረ፣ ወይ ቴርሞስታቱ የለም፣ ወይ ሴንሰሩ ይዋሻል።

ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ጉዳይ ሌላ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡሬተሩ ግን ያንን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ለመደው ይሰጣል። አዳማ ላይ ንጹህ የነበረች መኪና አዲስ አበባ ስትገባ ብታጨስ አይግረማችሁ። ጠዋት የሚሳበው ቾክ ሳይመለስ ቀርቶ እንደሆነም እዩ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ዝም ብላችሁ አትንዱ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ (ማርሚታው መስመር ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል ካታሊስቱ እንደ ፍም ይግላል። ደረቅ ሣር ላይ ደግሞ በፍጹም አታቁሙት።

ነዳጅ ቀድታችሁ በማግስቱ ከሆነ

ትናንት ደህና የነበረ መኪና ነዳጅ ቀድታችሁ ዛሬ ግራጫ ቢያጨስ፣ ቢንኳኳ፣ ለመነሳት ቢያስቸግር ሞተሩን አትውቀሱ። ከየት ነው የቀዳችሁት? በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ወይ ናፍጣ ተደባልቆበት ሊሆን ይችላል። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ይራገፍ፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ ንጹህ ቤንዚን ይግባ። ማደያ ላይ ናፍጣ በስህተት እንደተቀዳላችሁ እዚያው ካወቃችሁ ጭራሽ አታስነሱት፣ ግፉት።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ

ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ገበያው ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች እያረጁ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ጭስ መደበቅም ሙያ ሆኗል። ዋናው ዘዴ በጣም ቀላል ነው፤ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ሞተሩን አሙቆ መጠበቅ። የሞቀ ሞተር የጠዋቱን ቡፍ አያሳያችሁም። ሁለተኛው ወፍራም ዘይትና ማወፈሪያ መጨመር ነው። ዘንጉን መዝዛችሁ ጠብታው እንደ ማር እየተለጠጠ የሚወርድ ከሆነ ጠርጥሩ። ማርሚታው ጫፍ ከውስጥ ተጠርጎ ከሚገባው በላይ ካብለጨለጨም ለምን እንደተጠረገ ጠይቁ።

ስለዚህ ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት፣ እኔ ሳልመጣ እንዳይነሳ በሉ። ደርሳችሁ ሰላምታ ከመስጠታችሁ በፊት እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። አንዴ አንድ ደላላ ጋ በጠዋቱ 1 ሰዓት ሄጄ ኮፈኑን ስነካው ልክ እንደ ምጣድ ነበር። «ፀሐይ መትቶት ነው» አለኝ። ሐምሌ ነበር፣ ያውም እያካፋ።